ባሌን እንደ አዲስ ሳገባ

ሰው ሲያረጅ ነገሩ ሁሉ የታወቀ ይመስለዋል። ስሜ ይታወቃል፣ ባሌ ይታወቃል፣ ምላሴማ ድሬዳዋን ከለገሀሬ እስከ ሳቢያን ይታወቃል ብሎ ዘና ይላል። ተሞኝቷል። በዛሬ ዘመን ወረቀት ያላወቀው ነገር አልተደረገም። ድሮ የሰው ነገር ሲያጠራጥር ጎረቤት ይጠየቅ ነበር፤ ጎረቤት ደግሞ፣ እግዜር ይስጠው፣ ከባለጉዳዩ የበለጠ ያውቃል። አሁን የሚጠይቀው ጠፍቶ ያን ሁሉ ዕውቀት ታቅፎ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሏል፤ ያሳዝናል። እኔና ወረቀት ጠላቶች አይደለንም። ፊደል የቆጠርኩት ልጆች ከወለድኩ በኋላ በመሠረተ ትምህርት ቢሆንም፣ ስሜን ስጽፍ ያየኝ ሰው ዲግሪ ያለኝ ይመስለዋል። የተጣላነው ወረቀት «አላውቅሽም» ያለኝ ዕለት ነው።

መነሻው የቤት ካርታ ነው። ለሰፈራችን ካርታ ሊሰጥ ነው ተባለና ሁላችንም ፀሐይ ላይ ተሰለፍን። ተራዬ ሲደርስ መስኮቱ ውስጥ ያለችው ልጅ፣ «ካርታው በሁለታችሁ ስም እንዲወጣ የጋብቻ ምስክር ወረቀት አምጪ። ከሌለሽ በባልሽ ስም ብቻ ይወጣል። የሰፈራችሁ ተራ በወሩ መጨረሻ ዓርብ ይዘጋል» አለችኝ።

በባልሽ ስም ብቻ!

እናንተ፣ ስሙኝማ። ባሌ አስፋው ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፋት ብዙ ወሬ ይፈልጋል፣ እሱ ደግሞ አያወራም። ግን ያ ቤት ሲሠራ ከደቻቱ ወንዝ አሸዋ በጭንቅላቷ ያመላለሰችው ማን ሆነችና? ጠጉሬ መሐል ላይ የሳሳው በእርጅና ይመስላችኋል? በአሸዋ ነው። አሸዋ ተሸክሜ በሠራሁት ቤት እንግዳ ሆኜ አልሞትም ብዬ፣ አስፋውን ሽርጡን አስወልቄ፣ ሱሪ አስለብሼ፣ ባጃጅ ላይ ጭኜ ጋብቻ የሚመዘገብበት ቢሮ ወሰድኩት።

እዚያ የተቀመጠው ልጅ ከደጋ አገር የመጣ ጨዋ ነው፤ ሙቀቱን አልለመደውም፣ ላብ በላብ ነው። «እርስዎ» ይለኛል። እኛ ድሬዎች «አንቺ» ተባብለን ነው ያረጀነው፤ «እርስዎ» ሲለኝ ከኋላዬ ሌላ ሰው የቆመ መስሎኝ ዞር ብዬ አየሁ።

«እናቴ፣ የተጋቡት በምንድን ነው?» አለኝ።

«በሰማንያ ነዋ! በውል፣ በምስክር።»

«ውሉስ የት አለ?»

ውሉማ አባቴ ሳጥን ውስጥ ነበር፤ ምስጥ ገባበት። ትዳሬን ምስጥ በላው፤ እኔንና አስፋውን ግን ማን ይብላን!

ልጁ ደግ ነው፤ ምናልባት ያኔ ተመዝግባችሁ ከሆነ ብሎ የድሮ መዝገቦቹን አውርዶ ያገላብጥ ጀመር። አቧራው ተነሣ፤ እኔም ተነሥቼ አብሬው ማንበብ ያዝኩ። እንዴት ደስ ይላል መሰላችሁ! የሰፈሩ ትዳር ሁሉ እዚያ አለ። የተፋታው አለ፤ የሞተው አለ፤ መጣሁ ብሎ ወጥቶ ጅቡቲ የቀረውም አለ። ሦስት ጊዜ ያገባው ጎረቤታችን ሦስቱንም ጊዜ ተገኘ። አንድ ጊዜ ብቻ ያገባሁት እኔ የለሁም።

«ሠርጉ ላይ የነበሩ ምስክሮችስ?» አለኝ።

«አሉ። ሁሉም ቤተ ክርስቲያን ግቢ ተኝተዋል። መቀስቀሱ ያንተ ሥራ ነው።»

ላቡን ጠረገና፣ ያለው መንገድ እንደ አዲስ መጋባት ብቻ ነው አለን። ማስታወቂያ ይለጠፋል፤ የሚቃወም ካልመጣ በወሩ መጨረሻ ሐሙስ ቀርባችሁ ትፈርማላችሁ። ሐሙስ ፊርማ፣ ዓርብ ካርታ። ለጥቂት ደረስን! ለዚሁ ሲባል «ያላገባ» የሚል ደብዳቤ ከቀበሌ ማምጣት ነበረብን። ቀበሌም ኮምፒውተሩን አየና ያለ አንዳች ክርክር ጻፈልን። የልጅ ልጄን በጀርባዬ አዝዬ ያላገባሁ ተባልኩ።

ማስታወቂያችን ከነፎቷችን ግድግዳ ላይ ወጣ። የኔ ፎቶ ሙሽራ ሳይሆን የሚፈለግ ቀማኛ ይመስላል። ሰፈሩ ለማየት ጎረፈ። ታይዋን ገበያ ልብስ የምትሸጠው ፋጡማ፣ ከልጅነት ጀምሮ ስንሰዳደብ የኖርነው ወዳጄ፣ ሰዉ መሐል ቆማ፣ «እኔ እቃወማለሁ! ወላሂ፣ ይኼ ምስኪን ያኔ ሳያውቅ ገባበት፤ አሁን እያወቀ እንዴት ይግባ?» ብላ ሰዉን በሳቅ ፈጀችው።

እኔም ሳቅሁ። ግን ሰው ሁሉ «ሙሽሪት! ሙሽሪት!» ሲለኝ ሲውል ጊዜ ሙሽርነቱ ጭንቅላቴ ላይ ወጣ። ቆይ እንጂ፣ አልኩ፣ ጋብቻው አዲስ ከሆነ ወጉም አዲስ ይሁን። ያኔ የኔ አባትና የአስፋው አባት ተስማሙ፤ እኔ ወሬውን የሰማሁት ከጎረቤት ነው። ትፈልጊያለሽ ወይ ያለኝ ፍጡር የለም።

«ሽማግሌ ላክልኝ» አልኩት አስፋውን።

«ወዴት?» አለ፤ ምሳውን እየበላ ነው።

«ወዴት ይባላል? ወደዚሁ ነዋ! ሽማግሌ ሳይላክልኝ አልፈርምም። መልስ እስክትሰማ ድረስ ደግሞ አንድ ጣሪያ ሥር ማደር ነውር ነው።»

ምሳውን ጨረሰ፤ ሽርጡንና ሬዲዮኑን ያዘ፤ ግድግዳ የምንጋራው ጎረቤታችን ሐጂ በከር ቤት ገባ።

ማክሰኞ ከሰዓት ሐጂ በከር ሁለት ሽማግሌዎች አስከትሎ በራችን ላይ ቆመ። የሙሽሪት ወገን ሆና የተቀመጠችው ትልቋ ልጄ ሮማን ናት። እኔ እንደ ወጉ ጓዳ ገብቼ በመጋረጃው ሥር አያለሁ።

«አቦ ግቡ፣ ተቀመጡ» አለች ሮማን።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም። ልጃችን አስፋው ልጃችሁን ለትዳር ይፈልጋል።»

«ልጁ ሥራ አለው?»

«ጡረታ አለው።»

«ጠባዩስ?»

«ዝምተኛ ነው። ሲተኛ ያንኮራፋል፤ ግድግዳ ስለምጋራ አውቃለሁ።»

«ከዚህ በፊት አግብቶ ያውቃል?»

ሐጂን ሳል ያዘው። «አንዲት ምላሰኛ ነበረችው ይባላል፤ ቀበሌ ግን አያውቃትም።»

መጋረጃውን ነክሼ ሳቅሁ። ሮማንን ደግሞ አሠልጥኛታለሁ። የጨዋ ልጅ በመጀመሪያው ቀን እሺ አይባልባትም፤ ደጅ ማስጠናት አለ፤ እናቴም እንዲያ ነው ያሳየችን። ልጄ ኮራ ብላ፣ «እንመክርበታለን። የዛሬ ሳምንት ተመለሱ» አለች። ሽማግሌዎቹ እጅ ነሥተው ወጡ። እናትና ልጅ ተቃቅፈን እልል እያልን ቤቱን ዞርን። መሐል ላይ ሮማን ቀጥ አለች።

«እማዬ፣ ፊርማው እኮ ከነገ ወዲያ ነው።»

ፊርማው ሐሙስ፣ ካርታው ዓርብ፤ እኛ የቀጠርነው ለሚመጣው ማክሰኞ!

ምን ችግር አለው፣ አስፋውን ጠርቶ ማስፈረም ነው ትሉኝ ይሆናል። አስፋውን አታውቁትማ! ዕድሜውን ሙሉ የባቡር ሠራተኛ ሆኖ ሐዲድ ላይ ባንዲራ እያየ የኖረ ሰው ነው። ቀይ ካየ ይቆማል፤ አረንጓዴ ካላየ መሬት ቢናወጥ አይነቃነቅም። ረቡዕ ጠዋት ሮማንን ልኬ «ና» ባስብለው፣ «የዛሬ ሳምንት ተብያለሁ» ብሎ መለሳት።

ነጠላዬን አጣፍቼ ራሴ ሄድኩ። አስፋው ምንጣፍ ላይ በትራስ ተደግፏል፤ የሐጂ ሚስት አሚና የሠራችለትን የአብሽ መረቅ ጠጥቶ ወዙ ወጥቷል። እኔ ቤት እንዲህ አምሮበት አያውቅም። አናደደኝ።

«ተነሥ፤ ነገ ፊርማ ነው።»

«የዛሬ ሳምንት ተብያለሁ።»

«ያስባልኩት እኔ ነኝ! አሁን ትቼዋለሁ!»

«የተናገሩት የልጅቷ ቤተሰቦች ናቸው» አለ ረጋ ብሎ። «ደግሞ ሙሽሪት ወንዱ ወዳለበት አትመጣም። ነውር ነው።»

በገዛ ዱላዬ መታኝ። ሐጂ በከር ጢሙን እያሻሸ ገላገለኝ፤ መገላገል ካላችሁት። «የነሱ ቀጠሮ አይፈርስም» አለ። «አንቺ ግን ሽማግሌ ሆነሽ ልጃችንን ከጠየቅሽን፣ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ዛሬውኑ ይታያል። ደፉ ላይ ቁሚ።»

እኔ? ሳልለመን የማልስቀው ሴትዮ? እግሬ ወደ ቤቴ ዞሮ ነበር። ግን «አስፋው» ብቻ የሚል ካርታ ዓይኔ ላይ መጣ። አሸዋው አናቴ ላይ ከበደኝ። ተመለስኩና ደፉ ላይ ቆምኩ።

«ልጃችሁን አስፋውን ለትዳር እፈልጋለሁ» አልኩ።

«የልጅቷ ጠባይ እንዴት ነው?» አለ ሐጂ።

«ጥሩ ነው።»

«ውሸት!» አለች አሚና ከጓዳ።

«እንግዲህ ልጁ ራሱ ይናገር።»

አስፋው ሬዲዮኑን ዘጋ። «ያኔ» አለ፣ «እኔንም የጠየቀኝ የለም። ከሥራ ስመለስ አባቴ ‹እሁድ ሠርግህ ነው› አለኝ። አንቺ ብትጠይቂኝ ኖሮ ግን እሺ እል ነበር።»

ይህን ያህል ቃል በአንድ ትንፋሽ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። ያልተጠየቅሁ እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር እኮ! ፊቴን በነጠላዬ ሸፈንኩ፤ ላቡ አስቸግሮኝ ነው።

«አሁንስ?» አልኩት።

«አሁንማ ጠየቅሽኝ» አለና ተነሣ።

ሐሙስ ቢሮው ውስጥ ልጁ፣ «ወይዘሮ፣ በሙሉ ፈቃድዎ...» ከማለቱ «አዎ!» አልኩ።

«ጥያቄውን ልጨርስ እናቴ።»

«ጨርስ፤ መልሱ ተቀምጦልሃል።»

የጣት አሻራ ቀለሙን ሲያቀርብልኝ ገፋሁትና ስሜን እስከ አያቴ በስክሪብቶ ጻፍኩለት። ከምስክሮቹ አንዱ ሐጂ በከር ነው፤ ሌላዋ ማን ትሁን? ያቺው ተቃዋሚዋ ፋጡማ! «ለአላህ ብዬ ነው» እያለች ፈረመች።

ዓርብ ካርታችን ወጣ። ስሜ ከአስፋው ስም ጎን ቁጭ ብሏል፤ ደግሞ ረዘም ይላል። ደጅ ላይ እየተሳሳቅን ሳለ ሮማን የጋብቻውን ወረቀት ተቀብላ አነበበችና ጮኸች።

«እማዬ! የተጋባችሁት ትናንት ነው ይላል እኮ!»

«ታዲያ ትናንት አይደል?»

«ታዲያማ እኛ ልጆችሽ ሁላችንም ዲቃላ ሆንን!»

ፋጡማ ግድግዳ ይዛ ሳቀች። አስፋው እንኳ ጥርሱ ታየ። እኔ ግን ካርታዬን አጣጥፌ ደረቴ ውስጥ ሸጎጥኩና ባጃጅ ጠራሁ።

«ነይ ግቢ አንቺ» አልኳት። «ካርታ ያላት ዲቃላ፣ በኪራይ ከሚኖር ጨዋ ትሻላለች።»