የወይዘሮ ኢና ደፍ

በዓል የተፈጠረው ለመደሰት ነው የሚል ሰው ካለ፣ በዓል የሚያዘጋጅ ጎረቤት ኖሮት አያውቅም ማለት ነው። በየሕንፃው አንድ አይጠፋም። በዓሉ ሊደርስ ወር ሲቀረው ፊቱ የሚጠቁር፣ ሳምንት ሲቀረው እንቅልፍ የሚያጣ፣ ዕለቱ ሲደርስ ደግሞ እንግዳውን ሳሎን አስቀምጦ እሱ ከወጥ ቤት የማይወጣ ሰው። ጨው በዝቶ ይሆን? እንግዶቹ ይቀሩ ይሆን? ካልቀሩስ ምግቡ ይበቃቸው ይሆን? እንዲህ ያለ ሰው ጎንደርም አውቃለሁ፣ እዚህ እስራኤልም ብዙ አይቻለሁ። የሁሉም አለቃ ግን ቤር ሼቫ ከተማ፣ ሽኩና ቤት በሚባለው ሰፈር፣ ከእኛ በላይ ባለው ፎቅ ይኖራሉ። ክብርት ወይዘሮ ኢና ይባላሉ፤ ስኮትላንዳዊት ናቸው።

ስኮትላንድ የት እንደሆነ እኔም አላውቅም ነበር። ከእንግሊዝ በላይ ያለ፣ ብርድና ዝናብ የማይለየው አገር ነው አሉኝ። እዚያ ግላስጎ ከምትባል ከተማ፣ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወልደው፣ ከባለቤታቸው ከአቶ አለን ጋር በሰባዎቹ ዓመታት መጥተው በረሃው ዳር ሰፈሩ። ይኸው ዘጠናዎቹ ተጋመሱ፤ እሳቸው ግን ዛሬም ወደ ሹክ፣ ወደ ገበያው፣ ሲወርዱ ጃንጥላ ይይዛሉ፣ ያውም ምድር በምትቃጠልበት በነሐሴ። ስንገናኝ እሳቸው በስኮትላንድ ዕብራይስጥ፣ እኔ በጎንደር ዕብራይስጥ እናወራለን፤ ደግነቱ እንግባባለን። መጀመሪያ የገባችኝ አንዲት አባባላቸው ናት። "ማ ይሂዬ?" ይላሉ፤ ምን ይመጣ ይሆን ማለታቸው ነው። የደረጃው መብራት ሲጠፋ ማ ይሂዬ። መብራቱ ሲበራም፣ ተመልሶ መጥፋቱ አይቀርምና፣ ማ ይሂዬ።

ጉርብትናችን ወደ ዝምድና የተለወጠው በጨጓራ ነው። አንድ ቀን በራችንን አንኳኩተው የያዙትን ፌስታል ለባለቤቴ ለውባንች ከፍተው አሳዩአት። ከሹክ የገዙት የበግ ጨጓራ ነበር። ሥጋ ሻጩ አጽድቼዋለሁ ብሏቸዋል፤ እሳቸው አላመኑም። ውባንችም አላመነችም። ሁለቱ ሴቶች አንድ ቋንቋ ሳይኖራቸው የሥጋ ሻጩን ስም በደንብ አነሡና ጣሉ፤ ከዚያ ጨጓራውን በሎሚና በጨው እያሹ ሲያጥቡ ዋሉ። ሃጊስ ለሚባለው የአገራቸው የክብር ምግብ ነው። የበግ ልብና ጉበት ይከተፋል፣ ከአጃና ከሽንኩርት ጋር ይለወሳል፣ ጨጓራው ውስጥ ተጠቅጥቆ ይታሰርና ይቀቀላል።

በሳህን ላኩልን። ከእኛ ጋር የሚኖረው አባቴ ጀምበሬ ቀመሰና ብዙ አላመጠ። "ዱለት ነው" አለ በመጨረሻ። "ሚጥሚጣውን ማን ሰረቃቸው?" ያም ሆኖ ሳህኑን ጠረገው። የሰው ሳህን ባዶውን አይመለስምና ውባንች ዳቦ ሞልታ ላከችላቸው። ወይዘሮ ኢና ዳቦውን ሲያዩ ክው አሉ። ሃጊሱን ጠልተነው፣ እንዳይከፋቸው በዳቦ ሸፍነን የመለስንላቸው መስሏቸው፣ ዳቦውን እያነሡ ሥር ሥሩን ሲፈትሹ እንደነበር አቶ አለን ነግረውኛል።

ሌላም አላቸው። ዘቢብና ቅመም የበዛበት ኬክ በጨርቅ ቋጥረው ግማሽ ቀን ይቀቅላሉ፤ ውኃው እንዳያልቅ ፈርተውም ወንበር አምጥተው ድስቱ አጠገብ ይቀመጣሉ። አንዴ ለመታጠብ ሲሉ ውባንችን ጠርተው ድስቱን እንድትጠብቅ በቦታቸው አስቀመጧት። ውባንች ክዳኑን አንሥታ የሚፈላ ጨርቅ ስታይ፣ የአቶ አለን የትራስ ልብስ የሚቀቀል መሰላት። ሳሙና ፍለጋ መደርደሪያውን ስትበረብር ነው እሳቸው የደረሱት። ከዚያ ወዲህ ድስቱን ለማንም ትተው ገላቸውን አይታጠቡም።

ከምግቡ ሁሉ በላይ የሚያስጨንቃቸው ግን በሩ ነው። በአገራቸው አዲስ ዓመት ሲገባ የቤቱን ደፍ መጀመሪያ የሚረግጠው ሰው የዓመቱን ዕድል ይዞ ይገባል ይላሉ። ሰውየው ጥቁር ፀጉር ሊኖረው ይገባል። በእጁም ከሰል፣ ጨውና ብስኩት ይይዛል፤ ከሰሉ ቤቱ እንዳይቀዘቅዝ፣ ጨውና ብስኩቱ ቤተሰቡ እንዳይራብ ነው። ቀይ ፀጉር ያለው ሰው ከቀደመ ግን ያ ዓመት አለቀለት። ወይዘሮ ኢና እስራኤል ሲገቡ ይህን ልማድ ከፈረንጁ አዲስ ዓመት ነቅለው በአይሁድ አዲስ ዓመት በሮሽ ሃሻና ላይ፣ እኛ የጎንደር አይሁዶች ብርሃን ሠረቀ በምንለው በዓል ላይ ተከሉት። ሻማቸውን ያበራሉ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ በሩ ይከፈታል። ረቢው ስለ ነገሩ ተጠይቀው አያውቁም፤ የማይጠየቁትም እምቢ እንዳይሉ ነው።

ችግሩ፣ እግዚአብሔር አቶ አለንን ቀይ ፀጉር አድርጎ ፈጠራቸው። አንድ ልጃቸው ኢታማርም ቁርጥ አባቱን ነው። ለዓመታት ደፉን ሲረግጥላቸው የኖረው ሞሼ የሚባል ጎረቤት መኪና ገዛና ራሞት ወደሚባል ሌላ ሰፈር ገባ፤ በዚያው ቀረ። በዚህ ጭንቅ መካከል ደረጃው ላይ አገኙኝና ፀጉሬን አዩ። በዚያ ዓይነት አድናቆት ፀጉሬን ያየልኝ ሰው ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልገጠመኝም።

ይህ አምና ነው። ቀላል መስሎኝ እሺ አልኩ። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ከሰሌንና ጨዌን ይዤ ስወጣ፣ አቶ አለን ከምኩራብ ተመልሰው በራቸው ላይ ቆመዋል። ውጭ እንዲጠብቁ ታዘዋል። በሩ ተከፈተ። እንግዲህ እኔ የጎንደር ልጅ ነኝ፤ አባቴ የሚሆን ሰው ቆሞ እያየ ቀድሜ ደፍ ልረግጥ ነው? ይግቡ አልኳቸው። አይሆንም አንተ ግባ አሉኝ። ኧረ በፍጹም አልኳቸው። እምቢታቸውን ባጠነከሩ ቁጥር ጨዋነታቸው ይበልጥ ደስ አለኝ፤ በእኛ ወግ በመጀመሪያው ግብዣ የሚገባ ሰው የለምና። ስለዚህ ክንዳቸውን ይዤ፣ በፍቅር፣ ወደ ውስጥ ገፋኋቸው። ከወጥ ቤት የሳህን መሰበር ድምፅ ተሰማ።

ዓመቱም እንዳገባሁት ገባ። ማቀዝቀዣው ተቃጠለ። አቶ አለን መጋረጃ ሲሰቅሉ ወድቀው እግራቸው ተሰበረ። በመጨረሻ ኢታማር ወታደር ሆነና ሊባኖስ ተላከ። ወይዘሮ ኢና አንድም ቀን በእኔ አላመካኙም፤ እኔን የጎዳኝም ይኸው ነው። ደረጃ ላይ ስንገናኝ "አንተ ጨዋ ልጅ ነህ" ብቻ ብለውኝ ያልፋሉ። ቤታቸው ውስጥ ከጠዋት እስከ ማታ ይራመዳሉ፤ ሬዲዮው ዜና ሲጀምር እግራቸው ቀጥ ይላል፤ ከሞቱት ወታደሮች መካከል የልጃቸው ስም ሳይነሣ ዜናው ሲያልቅ እንደገና ይራመዳሉ። እኔና ውባንችም ከታች ጉርሻችንን ይዘን ያ እግር እስኪንቀሳቀስ እንጠብቃለን። ሰው በጎረቤቱ እግር ኮቴ እንዲህ ይጨነቃል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ዘንድሮ በዓሉ ሲቃረብ ክብርት ወይዘሮ ኢና ለማንጋል፣ ለሥጋ ጥብሱ፣ የሚሸጠውን የከሰል ከረጢት አቅፈው ወረዱ። ኢታማር ለበዓሉ ፈቃድ እንዳላገኘ ነግሯቸዋል። ዘንድሮ ማንንም ሳታስቀድም ትገባለህ አሉኝ፤ ሌላ ዕድል አይፈልጉም፤ ልጃቸው በእግሩ ከተመለሰ ይበቃቸዋል።

እምቢ አልኩ። እዚህ ላይ ቀልዱን ትንሽ ልተወው። አባቴ ቀጥቃጭ ነበር። ማረሻና ማጭድ ሲሠራ፣ ከሰል ሲያነድ ነው ዕድሜውን የጨረሰው። የአካባቢያችን ሰዎች ማረሻውን ይፈልጉታል፤ እሱን ግን ቡዳ ነው ይሉታል። በደጃቸው ሲያልፍ ድስት ይከድናሉ፣ ልጆቻቸውን ወደ ጓዳ ያስገባሉ። የሰው ልጅ በታመመ ቁጥር ጀምበሬ በየት በኩል አለፈ ተብሎ ይጠየቃል። ስለዚህ የእነሱን ደፍ ረግጦ አያውቅም፤ ሥራውን በአጥር ላይ ያቀብላል፣ እህሉን በአጥር ላይ ይቀበላል። የዚያ ሰው ልጅ እኔ፣ ከሰል ይዤ፣ ልጁ ጦር ሜዳ ያለበት ሰው ቤት ዕድል ላስገባ ነው? አንድ ነገር ቢደርስበትስ? ፈራሁ። የአምናው ይበቃኛል።

ይህን ሁሉ በዚያችው ዕብራይስጤ ነገርኳቸው። ወይዘሮ ኢና እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሰሙኝ። የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር፤ ቀና ሲሉ ግን ተቆጥተዋል።

"ዕድሜውን ሙሉ ከሰል የያዘ ሰው ቤትህ አስቀምጠህ ነው አምና አንተ የመጣኸው?" አሉኝ።

ወዲያው ደግሞ ሌላ ሐሳብ ያዛቸው። የአባባ ፀጉር ምን ዓይነት ነው? ነጭ ነው አልኳቸው። ማ ይሂዬ አሉና ሄዱ፤ የአቶ አለንን ጥቁር ባርኔጣ ይዘው ተመለሱ።

አባቴን ማስረዳቱ የባሰ ነበር። መጀመሪያ ሴትዮዋ አሟቸዋል እንዴ አለኝ። ቀጥሎ ከሰሉ በበዓል ይነዳል ወይ ብሎ ጠየቀ፤ አይነድም አልኩት። በመጨረሻ፣ ፈቅደው ነው የጠሩኝ ወይስ አንተ ለምነሃቸው ነው አለኝ። ፈቅደው ነው አልኩት። ባርኔጣውን አንሥቶ ለካው።

የዋዜማው ዕለት ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ወጣን። አባቴ ነጭ ጋቢውን ለብሶ፣ ባርኔጣውን ደፍቶ፣ ከሰሉን በሁለት እጁ ይዞ ከፊት፤ እኔ ጨውና ብስኩት ይዤ ከኋላ። የላይኛው ፎቅ ስንደርስ ደረጃው ላይ አንድ ወታደር ቆሟል። አቧራ የለበሰ፣ ጠመንጃ ያነገተ፣ ፀጉሩ እንደ በርበሬ የቀላ። ኢታማር ነው። ፈቃዱን በመጨረሻው ሰዓት አግኝቶ፣ በለመነው መኪና ሁሉ እየተሳፈረ መጥቷል። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ወይዘሮ ኢና ግን ሁለት እጃቸውን ከመቃን መቃን ዘርግተው፣ እንባቸው እየወረደ መንገዱን ዘግተውበታል።

"ኢማ፣ ርቦኛል" ይላል ልጁ እናቱን።

አባቴ ወታደሩን አየና ቆመ። ከዚያ እኔ የፈራሁትን ተናገረ። "ልጁ ይቅደም" አለ። "ከጦር ሜዳ ነው የመጣው።" ጨዋነታችን በዘር የሚተላለፍ በሽታ መሆኑ ያን ጊዜ ገባኝ። መተርጎም አላስፈለገም፤ ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ ወይዘሮ ኢና ሁሉንም ተረድተዋል።

ልጃቸውን አዩት። ለወራት በየዜናው ቀጥ ያሉለት ልጅ እጃቸው በሚደርስበት ርቀት ቆሟል። ጎትተው ቢያስገቡት ኖሮ ማንም አይፈርድባቸውም፤ እኔማ በልቤ ያስገቡት እያልኩ ነበር። እሳቸው ግን አንድ እጃቸውን ከመቃኑ አንሥተው የልጃቸውን ጉንጭ ነኩና ወደ ጎን ገፋ አደረጉት። ወደ አባቴ ዞረው፣ ውባንች ስታስጠናቸው በሰነበተችው አማርኛ ተናገሩ።

"አባባ፣ እርስዎ ይቅደሙ።"

አባቴ ከባዕድ ደጅ ይህን ቃል ሰምቶ አያውቅም። ከሰሉን ይዞ ትንሽ ቆመ። ጫማውን አወለቀ፣ ጎንበስ አለና ገባ። ከኋላው እናትየዋ ልጃቸውን ከነጠመንጃው፣ ከነአቧራው አቅፈው አስገቡት። ዘንድሮም ውጭ እንዲጠብቁ የታዘዙት አቶ አለን፣ ሁላችንም አልፈን እስክንገባ ደረጃው ላይ ግድግዳው ጋ ተለጥፈው ጠበቁ። ዘንድሮ ማንም አልገፋቸውም።

ኢታማር ከበዓሉ በኋላ ወደ ሊባኖስ ተመልሷል። ዓመቱ ገና ነው፤ ምን እንደሚያመጣ አላውቅም፤ ዜና በሰዓቱ ይመጣል፣ ያ እግር አሁንም ከላይ ይቆማል። አሁን ከታች አባቴም አብሮን ይቆማል። ያ ልጅ አንድ ነገር ቢሆን ምን እንደምንሆን ሳስበው እንቅልፍ አጣለሁ። ክብርት ወይዘሮ ኢና ጭንቀታቸውን እንደ ሃጊሳቸው በሳህን ልከውልናል፤ እኛም ጠርገን በልተነዋል። ቢወስዱት ግን ቅር ይለኛል።

የዚያን የዋዜማ ምሽት ሁሉም ወደ ማዕድ ሲቀርብ እሳቸው አልተቀመጡም። የአባቴን ጋቢ ያዝ አድርገው ወደ ወጥ ቤት ወሰዱት፤ ለማስተርጎም ተከተልኩ። የሃጊሱን ድስት ክዳን አነሡ።

"ይዩልኝ በላቸው" አሉኝ። "አልበሰለ ይሆናል ብዬ ፈርቻለሁ።"

አባቴ ወደ ድስቱ አጎነበሰ። ብዙ ቆይቶ አየ። ከዚያ ቀና አለና፣ "ንገራቸው፤ አይፍሩ፣ በስሏል" አለኝ።