የማዳም ቅድመ አያትና የእኔ ትኩሳት

በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. ዓረብ አገር፣ አል ማምዛር በሚባል ሰፈር፣ በቤት ሠራተኝነት የቀጠረችኝ እንግሊዛዊቷ ማዳም ትኩሳቴን ለካች፤ «ዜናው ያስጨንቅሻል» ብላ ስልኬን ወሰደችና የክፍሌን በር ከውጭ ቆለፈችብኝ።

አንባቢ ሆይ፣ ዘር ቆጣሪ ሰው ገጥሞዎት ያውቃል? ከተማው በወረርሽኙ ሲዘጋ ማዳም ሥራ አገኘች፤ ከአራት መቶ ዓመት በፊት አሜሪካ ሊሰፍር የተሻገረ ቅድመ አያቷን በኮምፒውተር መፈለግ ጀመረች። የሰፈረበት መሬት የማን እንደነበር መዝገቡ አይናገርም፤ እርሷም አልጠየቀችም።

በሦስተኛው ቀን ከበሩ ወዲያ ጮኸች።

«አገኘሁት! በትኩሳት ነው የሞተው። ምስኪን! ለእናቱ እንኳ የነገራት የለም!»

ድምጿ በእንባ ይንቀጠቀጣል። እኔ ትንፋሽ አጥሮኝ ግድግዳውን ተደግፌያለሁ።

«ማዳም፣ እኔ ብሞት ለማን ይደውላሉ?»

«ሙሽኪላ የለም፣ ምንም ችግር የለም፤ ያመጣሽ ኤጀንሲ ያውቃል።»

«ኤጀንሲው ከተዘጋ ወር ሆነው።»

«ያላ፣ በይ አሁን ተኚ። ሚስቱን እየፈለግሁ ነው።»

በታሪክ ሁለተኛ ዲግሪ አለኝ፤ ማንም ያልመዘገበው ሰው ምን እንደሚሆን አሳምሬ አውቃለሁ። ስለዚህም ከሞት ይልቅ እናቴ ሳትሰማ መሞቴ አስፈራኝ። የእናቴን ስልክ ቁጥር ወረቀት ላይ ጽፌ በበሩ ሥር አሳለፍኩት። በሩንም አንኳኳሁ።

«ማዳም፣ ወረቀቱን አንሥተዋል ወይስ አላነሡም? በአንድ ቃል ይመልሱልኝ።»