የሳሎኑ ፍሬን

ፍሬን የሚመርጥ ሰው መቼም አያቆምም። ይህን የምትላችሁ ሃያ ሁለት ዓመት የከተማ አውቶቡስ ይዛ የክራግን ቁልቁለት የወረደች፣ ስለ ፍሬን የምታውቀውን ሁሉ ከትምህርት ቤት ሳይሆን ከእግሯ ሥር የተማረች ሴት ናትና ቃሌን ተቀበሉ። ሚስት የሚመርጥ ሰው አንድ ቀን ያገባል። ቤት የሚመርጥም አንድ ቀን ይገባበታል። ለአሮጌ ፈጣን መኪናው የተሻለ ፍሬን የሚመርጥ ወንድ ግን ሲመርጥ ይሸብታል፣ ሲመርጥ ጡረታ ይወጣል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ደግሞ መኪናው አልቆመችም፤ እየነዳት ነው። በየትኛው ፍሬን እንደሆነ አትጠይቁኝ። እኔ ጠይቄ እንቅልፌን አጥቻለሁ።

እንዲህ ያለ ሰው በየሰፈሩ አንድ አይጠፋም። በኛ መንደር በሃግዴል፣ ከኔ ጋር ግድግዳ የሚጋራው ክቡር ሊቀ ፍሬን ኔቪል አክሮይድ ነው። የትምህርት ቤት ጥገና ሠራተኛ ነበር፣ አሁን ጡረተኛ ነው። መኪናው ፔጆ ሁለት መቶ አምስት ጂቲአይ ናት፤ ቀይ፣ ባለ ሦስት በር፣ ሠላሳ አምስት ዓመት ያለፋት። ለማያውቃት የዳቦ ሣጥን ትመስላለች። የሚያውቃት ግን ሣጥኑ ውስጥ ተርብ እንዳለ ያውቃል።

እሑድ ጠዋት የዚህች መኪና ምእመናን ችግኝ መሸጫው ፊት ለፊት ይሰበሰባሉ። ኮፈን ይከፈታል፣ ባኮን በዳቦ ይበላል፣ ሻይ በወተት ይጠጣል፣ ሁሉም እጁን ኪሱ ከትቶ የሌላውን ሞተር በሐዘኔታ ያያል። ሊቀ ፍሬን ያችን ጥቁር ማስታወሻ ደብተሩን በብብቱ ይዞ ሲደርስ አንዱ መጠየቁ አይቀርም።

«ኔቭ፣ ፍሬኑን ገጠምከው?»

«ምርጫው ጠቧል።»

«ከስንት ወደ ስንት?»

«ከአሥራ አንድ ወደ ዘጠኝ።»

«አምና ስምንት አልነበሩም እንዴ?»

«ቆይ፣ አንድ ነገር ብቻ ላጣራ» ይላል ሊቀ ፍሬን፣ ደብተሩን እየገለጠ።

«ቆይ፣ አንድ ነገር ብቻ ላጣራ።» መቃብሩ ላይ ይህ ካልተጻፈ ጠራቢው ስሙን ተሳስቷል ማለት ነው። ከጎማው ጋር የሚዞረው ዲስክ የተበሳው ይሻላል ወይስ ቦይ የተቀደደበት? ዲስኩን የሚነክሰው መንጋጋ ባለ ሁለት ፒስተን ይሁን ወይስ ባለ አራት? አንዱ የፍሬን ሸራ ሲሞቅ ነው የሚይዘው፣ አንዱ ሳይሞቅ ይይዝና እንደ ድመት ይጮኻል። ክቡርነታቸው ሁሉንም ያውቃሉ። አንድም ግን አልገጠሙም።

ሰውየው ብቻውን ቢሆን እኔ ምን አገባኝ። በራሱ ፍሬን የሚሞት ሰው መብቱ ነው። ግን ሞይራ አለች። ሞይራ ሚስቱ ናት። መኪና አትነዳም፣ ጉልበቷን ያማታል፣ ሐኪም ያዘዘላት ዋና ሐሙስ ሐሙስ ከቁልቁለቱ ሥር ባለው ገንዳ ነው። ድሮ በኔ አውቶቡስ ትወርድ ነበር። አዋጪ አይደለም ብለው መስመሩን ከሰረዙት ወዲህ (የሰረዙት ሰዎች ጉልበት ደህና ነው፣ አመሰግናለሁ) በዚያች ቀይ ሣጥን ነው የምትወርደው። ሐሙስ ጠዋት መኪናዋ ስትነሣ በግድግዳው በኩል እሰማለሁ። ተመልሳ እስክትቆም ድረስ ሻዬ ይቀዘቅዛል።

ከሦስት ዓመት በፊት ግን አንድ ጊዜ ቆርጦ ነበር። የእውነት። ባለ አራት ፒስተን፣ ወርቃማ ቀለም የተቀባ፣ ዲስኩ የቤተሰብ ሳህን የሚያህል መረጠ። እነዚህ ሰዎች አንድ ልማድ አላቸው፤ ትልቅ ፍሬን ቸርኬው ውስጥ ይገባ እንደሆነ ለማወቅ የሠሪውን ሥዕል በወረቀት አትመው፣ ካርቶን ላይ ለጥፈው፣ ቆርጠው ይለካሉ። ኔቪልም አተመ፣ የቁርስ እህል ካርቶን ላይ ለጠፈ፣ በሞይራ መቀስ ቆረጠ። ካርቶኑ ቸርኬው ውስጥ ሲዞር ምንም አልነካም። ሦስት ጊዜ አዙሮ አሳየኝ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር።

ፍሬኑ መጣ። የሰፈራችን ሰው ግማሹ ወጥቶ አየ። የመንደሩ ሴት ቄስ ሳይቀሩ ብስኩት ይዘው መጡ። ጠዋት የጀመረው ሥራ ከሰዓት በኋላ አለቀ፤ ወርቁ ቦታው ላይ ያበራል። ከዚያ ጎማውን አንሥቶ ሊገጥም ሄደና አልገባም አለው። አዞረው። አልገባም። ሦስት ሚሊሜትር።

ማተሚያው ሥዕሉን ከወረቀቱ ጋር እንዲስማማ ብሎ ትንሽ አሳንሶት ኖሯል።

«ትልቅ ቸርኬ ግዛ» አለ አንዱ ከአጥሩ ማዶ።

ኔቪል በሬሳ ላይ እንደቀለዱበት ሰው አየው። «እነዚህ የራሷ ቸርኬዎች ናቸው። ከፋብሪካ ስትወጣ ያደረገቻቸው።»

አሮጌውን ፍሬን መልሶ ገጠመ። ወርቃማው ሳሎን ገባ፤ ከምድጃው በላይ ካለው መደርደሪያ ላይ፣ በሠርጋቸው ፎቶና በሰዓቱ መካከል ተቀመጠ። እስከ ዛሬ አለ። ሞይራ ዓርብ ዓርብ አቧራውን ትጠርግለታለች።

ዓመታዊ ምርመራ ሲደርስ ሁለታችንም መኪናችንን የምንወስደው ለዛሂድ ነው። ዛሂድ ሚርዛ መርማሪ ነው፣ እጁ ንጹሕ፣ አፉ ክፍት። ቀይዋን ሦስት ዓመት ተከታትሎ ከማሳሰቢያ ወረቀት ጋር አሳልፏታል። ኔቪል ወረቀቱን በፕላስቲክ ከትቶ ያስቀምጣል።

«ኔቭ ወንድሜ፣ ይሄ የፍቅር ደብዳቤ አይደለም፣ ፋይል አታድርገው» አለው ባለፈው ክረምት። «ዲስኩ ሳስቷል። የፍሬን ዘይቱ ሻይ መስሏል። ተራውን፣ የፋብሪካውን ዓይነት ግጠምና ተገላገል።»

«ተራውን?»

«ተራውን።»

«ቆይ፣ አንድ ነገር ብቻ ላጣራ።»

እኔ እዚያው ቆሜ ነበርና ዝም ማለት ስለማልችል ዝም አላልኩም። «የኔን ቫን እይ» አልኩት። «ስድስት ዓመት ሙሉ የፍሬን ሸራ አልቀየርኩም። ለምን? አስቀድሞ የሚያይ ሰው ፍሬን አይበላም። ችግሩ መኪናህ ሳይሆን አንተ ነህ።»

ኔቪል መሬት መሬት እያየ «እሺ ዊን» አለኝ። ዛሂድ ሳቀ። በኔ ቀልድ የሳቀ መስሎኝ ነበር።

ጥቅምት ላይ አንድ ሐሙስ ጥርሴን ልነቀል ቀጠሮ ነበረኝ። ደንዝዤ መንዳት ስለማልችል ከነሱ ጋር ወረድኩ፤ ከኋላ፣ ጉልበቴ ጆሮዬን እየነካ። ዝናብ ነበር። ገና ቁልቁለቱን ስንጀምር በግ የጫነ ተጎታች ያሰረ ትራክተር ፊታችን ገባ። ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ ኔቪል እግሩን ከፍሬን አላነሣም። እኔ ጣቴን አጥፌ እቆጥራለሁ፤ አንድ ደቂቃ፣ ሁለት፣ ሦስት። ፍሬን ሲሞቅ የሚሸተውን ሽታ የማያውቅ ሰው የታደለ ነው። የተቃጠለ ጸጉር ይሸታል። ሞይራ መስኮቱን ትንሽ ዝቅ አደረገች።

ትራክተሩ ወደ እርሻው ታጠፈ። ከፊታችን የቀረው የመጨረሻው ቁልቁለት፣ ከሥሩ ነጭ መስመር፣ ከመስመሩ ማዶ ዋናው መንገድ። ኔቪል ፍሬን ያዘ። ከኋላ ሆኜ የቀኝ ጉልበቱ ሙሉ በሙሉ ሲዘረጋ አየሁ። የሾፌር ጉልበት መዘርጋት የለበትም። የሚዘረጋው እግሩ ሥር ምንም ሳይኖር ሲቀር ነው።

«ማርሽ ቀንስ» አልኩት።

ቀነሰ። ሞተሩ ጮኸ። ፍሬኑን ደጋግሞ ረገጠ፣ ረገጠ። «አንደኛ አስገባ፣ የእጁን ፍሬን ቀስ ብለህ ሳብ፣ ቀስ ብለህ።» ሳበ። የኋላው ሸርተት አለ፣ ተመለሰ። መስመሩን በግማሽ መኪና አልፈን ቆምን። ድንጋይ የጫነ ከባድ መኪና ባፍንጫችን ሥር አለፈ፤ ንፋሱ ወዘወዘን።

የዝናብ መጥረጊያው ወዲያ ወዲህ ይላል።

«ኔቪል» አለች ሞይራ ቀስ ብላ፣ «ዋናው አራት ሰዓት ላይ ነው።» የቦርሳዋን ዚፕ ትዘጋለች፣ ትከፍታለች፣ እንደገና ትዘጋለች።

እሱ መሪውን እንደያዘ «ባለ አራት ፒስተኑ ቢሆን ኖሮ...» ብሎ ጀመረ።

«ኔቪል አክሮይድ» አልኩት፣ «ሳሎንህ ያለው ፍሬን የሚያቆመው ሳሎንህን ነው።»

መኪናዋ በዛሂድ ጎታች መኪና ተመለሰች። ቅዳሜ ጠዋት ተራውን ዲስክ፣ ተራውን ሸራ፣ አዲስ የፍሬን ዘይት ይዤ በሩን ደበደብኩ። ክሪክም ይዣለሁ። አባት የሌለውን ልጅ እንደሚቆጣ ሰው ነበርኩ።

«ዊን፣ ይሄ ተራው ነው።»

«አዎ፣ ተራው ነው። ሞይራም ጉልበቷን የሚያማት ተራ ሴት ናት። ይበቃታል።»

ቱታውን ለበሰ። ያየሁትን ግን ልንገራችሁ፤ ያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሲያጣራ የኖረ ሰው ብሎኑን ከያዘ በኋላ አላጣራም። እጁን አላየም እንኳ። አንዱ ወገን ሻይ ሳይቀዘቅዝ አለቀ። ይህ እጅ ይህን ሥራ መቶ ጊዜ ሠርቷል።

«አንተ ሰውዬ፣ የት ተማርከው?»

«እዚህም እዚያም» አለ ከመኪናው ሥር። «ዊን፣ ብሎኑ ምን ያህል እንደሚጠብቅ ደብተሩ ላይ አለ። እይልኝ።»

ደብተሩን ገለጥኩ። የሱን መኪና ስፈልግ የሰው መኪና አገኘሁ። በዚያ የጥገና ሠራተኛ እጅ ጽሑፍ፣ ለእያንዳንዱ አንድ መስመር፦

የቄሷ መኪና፦ የፊት ሸራ። ተራው። ተለውጧል።

የፖስታ ቤቱ የሎረንስ፦ የኋላ የፍሬን ቱቦ ተሰንጥቋል። ተራው። ተለውጧል።

የዊን ቫን፦ የፊት ሸራ አልቋል፣ ብረቱ ሊነካ ነው። ተራው። ዊትቢ እህቷ ዘንድ ሳለች ተለውጧል። አልነገርኳትም፤ ትጮኻለች።

ቀኑ ከአምስት ዓመት በፊት ነው። ወደ ዊትቢ በባቡር ስሄድ የቆሻሻ መኪና ቢመጣ እንዲያንቀሳቅሱልኝ የቫኔን ቁልፍ እነሱ ጋ እተዋለሁ። ሁለት ገጽ አልፎ ደግሞ፦

የዊን ቫን፦ እንደገና። ቁልቁለት ላይ እግሯ ከባድ ነው። ዛሂድም ይህንኑ አለ።

ዛሂድም። የሳቀው ለካ ለዚህ ነው።

የራሱ መኪና መጨረሻ ላይ ነበረች። ከላይ የተጻፈው ግን ፔጆ አይልም። «ሞይራ የምትቀመጥበት» ይላል። ከሥሩ ሃያ ሰባት ገጽ፣ የተጻፈ፣ የተሰረዘ፣ ዳር ዳሩ ላይ እንደገና የተጻፈ። ለኛ ለሁላችን አንድ መስመር በቅቶናል።

«አገኘሽው?» አለ ከሥር።

አላገኘሁም። ፊደሉ ይደበላለቅብኝ ነበር።

«ቆይ» አልኩት፣ «አንድ ነገር ብቻ ላጣራ።»

አዲስ ፍሬን ወዲያው አይታመንም፤ ባዶ መንገድ ላይ ሠላሳ ጊዜ ያህል በለሆሳስ እየያዙ ማለማመድ አለ። ከሰዓት በኋላ ከላይ ባለው ሜዳማ መንገድ ወጣን። ሞይራ ከፊት፣ የዝንጅብል ኬክ በጭኗ ላይ፣ እንደ ሹራብ ጥልፍ ትቆጥራለች። «አሥራ አንድ... አሥራ ሁለት... ኔቪል፣ እሱ አልተቆጠረም፣ እሱ ለበግ ነው።» ሠላሳ ሲሞላ እግሩን አጠበቀ። መኪናዋ ቀጥ ብላ ቆመች። ኬኩ አልተንቀሳቀሰም። ሐሙስ ዕለት ቁልቁለቱን ወረዱ፤ እኔ በግድግዳው በኩል ስትነሣ ሰማሁ፣ ሻዬንም ትኩሱን ጠጣሁ። ሙሉውን አይደለም፣ ግማሹን።

ሰውየው ተለውጧል ብላችሁ እንዳትደሰቱ። ወርቃማው ፍሬን አሁንም ከሠርጉ ፎቶ ጎን ነው። እሑድ ዕለት ችግኝ መሸጫው ጋ ለተራው ፍሬን ምትክ ይፈልግ እንደሆነ ሲጠይቁት «ምርጫው ጠቧል» ሲል ሰምቼዋለሁ። እኔም ለሦስት ደቂቃ ያህል ነገርኩት፣ ሰው ሁሉ እያየ። «እሺ ዊን» አለኝ፣ መሬት መሬት እያየ።

ባለፈው ሳምንት ዊትቢ ሄጄ ነበር። ቁልፉን እንደ ልማዴ ተውኩላቸው። ስመለስ ቫኔን በትርፍ ቁልፌ አስነሥቼ ገና ከመንገዳችን ሳልወጣ ፍሬኑን ረገጥኩ። ጠንካራ ነው፣ ቅርብ ነው፣ ከእግሬ ሥር እንደ ድንጋይ። ወርጄ ጎማውን አየሁ። ነጩ ቀለም ላይ፣ ከቸርኬው አጠገብ፣ አንድ የአውራ ጣት የግራሶ አሻራ።

በመሐረቤ ጠረግኩት። ቁልፉን ልቀበል በራቸውን አንኳኳሁ። ኔቪል ከፈተ፣ ፊቴን አየ፣ ጠበቀ።

አልጮህኩም።