ሊቀ ዝምታ ፍትዊ

ቦሌ ውስጥ ስለ ዝምታ ሲያወራ የሚውል ሰው የሌለው ካፌ የለም። የእኛ የሩዋንዳ ሰፈር ድርሻ ጓደኛዬ ፍትዊ ነው፤ እኔ ግን በሙሉ ማዕረጉ «ሊቀ ዝምታ ፍትዊ» እለዋለሁ።

ሊቀ ዝምታ ስለ ቡድሃ ትምህርት ያላነበበው ጽሑፍ ካለ ገና ያልተጻፈ ነው። ስለ አተነፋፈስ ማብራራት ከጀመረ ትንፋሽ የሚያጥረው አድማጩ ነው። ለተመስጦ የሚቀመጡበት ልዩ ትራስ ከባንኮክ አስመጥቷል፤ ትራሱ ላይ በተመስጦ የሚውለው ግን ድመቱ ነው። ባለቤቱ ኣምለሰት «እስቲ አንተም አንድ ቀን አፍህን ዘግተህ ተቀመጥና ልይህ» ስትለው፣ «መጀመሪያ ጽሑፉ በደንብ ይግባን እንጂ!» ይላታል።

ለሰው ሁሉ መከራ የምትሆን አንዲት መድኃኒት አለችው፦ «ሁሉም አላፊ ነው።» መገናኛ ላይ ስልኬን የተሰረቅኩ ዕለት ይህችኑ አዘዘልኝ። የራሱን መኪና ስፖኪዮ ሚኒባስ ገጭቶ የጣለበት ዕለት ግን ሹፌሩን እስከ መገናኛ እየተሳደበ አሳደደው።

«ሁሉም አላፊ አይደለም እንዴ?» አልኩት።

«ኦሪጅናል ስፖኪዮ እኮ ነው!»

ባለፈው ክረምት እናቴ ስታርፍ ከሐዘኑ ጋር አንድ ፍርሃት ያዘኝ። ይሄ ሰው ድንኳን ገብቶ እናቴንም «አላፊ ናት» ቢለኝ ጓደኝነታችን እዚያው ማለቁ ነው።

መጣ። አጠገቤ ተቀመጠ። ስልኩ ሲጮህ አጠፋው። ለቀስተኞቹ ስለ መንገድ መዘጋት ሲከራከሩ፣ ማንንም ሳያርም የማይውለው ሰውዬ ቀና ብሎ እንኳ አላያቸውም። ማታ ቤቱ ሄዶ ጠዋት ከሁሉም ቀድሞ ይመጣል፤ ያው ወንበር ላይ ይቀመጣል። ድንኳኑ ሊነሳ ሲል ዝምታው እኔኑ አስጨነቀኝ።

«ፍትዊ፣ ምነው አንድ ነገር እንኳ አትልም?»

«ምን ልበልህ?» አለኝ ዓይኑ ቀልቶ። «እናት እኮ ናት።»

ከልቤ ያለቀስኩት ያኔ ነው።

ሰሞኑን ካፌ ተገናኝተን እንደ ልማዱ ስለ ተመስጦ ሲተነትን፣ «አንተ እኮ ድንኳን ውስጥ አድርገኸዋል» አልኩት። ተቆጣ።

«እሱማ ልቅሶ ነው! ልቅሶ ሌላ፣ ተመስጦ ሌላ! መጽሐፉ ምን እንደሚል ታውቃለህ?»

አውቃለሁ፤ ስንቴ ነግሮኛል። ቢሆንም «ምን ይላል?» ብዬ ወንበሬን ወደ እሱ አስጠጋሁ።