ልጄን ከበርበሬ ያጣላሁት እኔ ነኝ

ወገን፣ ዛሬ የደረሰብኝን ብነግራችሁ አታምኑም። እኔ ራሴ እዚያው ተቀምጬ አላመንኩም!

በስንት ዓመቴ፣ ሐኪም ፊት፣ የልጅ ልጄ ዓይን ዓይኔን እያየች፣ ውሸቴ ተያዘ። ውሸቱ ደግሞ የደርግ ጊዜ ነው። ከምራቴ በዕድሜ ይበልጣል።

የልጅ ልጄ ውሻ ይገዛልኝ ብላ ወር ሙሉ አለቀሰች። አለርጂክ አለባት፣ ትንሽ ነገር ዓይኗን ያሳብጠዋል። አባቷ፣ ማለትም ልጄ ሰለሞን፣ መጀመሪያ ትመርመርና የሚስማማትን ዓይነት ውሻ እንመርጣለን አለ። እግረ መንገዱንም ራሱን አስመረመረ። ክንድ ላይ ጠብ ጠብ አድርገው ጫር ጫር የሚያደርጉት ምርመራ ነው።

ሐኪሟ ውጤቱን አየችና የአባትም የልጅም ጠላት የውሻ ፀጉር ነው አለችን። ይሁን። ሰለሞን ግን «የኔ በርበሬስ?» ብሎ ጠየቃት።

«በርበሬ ምንም አላደረገህም።»

«እኔ እኮ ከአምስት ዓመቴ ጀምሮ በርበሬ አይስማማኝም።»

«ማነው ያለህ?»

ልጄ ወደ እኔ ዞረ። ምራቴም ዞረች። እሷ ከተጋቡ ጀምሮ በየቀኑ ሁለት ድስት የምትጥድ ሴት ናት፣ አንዱ ለሰው፣ አንዱ አልጫ ለሱ።

እኔ ቦርሳዬን መፈተሽ ጀመርኩ። ምን እንደምፈልግ ብትጠይቁኝ አላውቅም።

እሺ፣ ልናዘዝ።

ያኔ መርካቶ ነው የምንኖረው፣ ከጭድ ተራ ጀርባ፣ አራት ቤት በአንድ ግቢ። እኔ ጨርቅ ነጋዴ ነበርኩ። በጨርቅ አታልሎኝ የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ ይህንንም ለሰማም ላልሰማም ሳወራ ነበር የምውለው።

ሰለሞን ያስነጥሰዋል፣ ደረቱ ሲር ሲር ይላል። ጤና ጣቢያ ወስጄው ድሬሰሩ አለርጂክ ነው፣ ፀጉር ካለው ነገር አርቂው አለኝ። በዚያው ሰሞን ሌባ ልብሳችንን ከገመድ ላይ ለቃቅሞ ሄደ። ሰለሞንም ውሻ ውሻ እያለ ነፍሴን አወጣት።

ሌላ ሰው ቢሆን ቁልፍ ይገዛ ነበር። እኔ ግን ብልጥ ነኝ! ችግሩ ፀጉር ከሆነ፣ ፀጉሩ የማይረግፍ ውሻ መምረጥ ነዋ!

በምን ይመረጣል?

በከፋይ ጨርቅ!

ጥቁር ከፋይ ላይ ብናኝ እንኳ አይደበቅም፤ የጨርቅ ነጋዴ ሁሉ ያውቃል። አንድ ክንድ ያህል ቀድጄ፣ አማኑኤል አካባቢ ውሻ የሚያሻሽጥ ደላላ ጋ ሄድኩ። የመጀመሪያውን ውሻ በከፋዩ አሸት ሳደርገው ከፋዩ ነጭ ሆነ። ሁለተኛውም ያው። ደላላው ሥራዬን ቆሞ ሲያይ ቆየና ነገ ነይ፣ አንቺ የምትፈልጊው ዓይነት አለኝ አለ።

በነጋታው አንድ ነጭ ውሻ ይዞ መጣ። አሸሁት። አንድ ፀጉር የለም! ከፋዩ ላይ ትንሽ ወዝ ብቻ ቀረ።

«ወዝ ያለው ውሻ ነው» አልኩ፣ ደስ ብሎኝ።

ቅባ ኑግ ነበር የቀባው።

ሳቁ፣ ሳቁ። እኔ ግን ያን ሰሞን ስለ ብልጠቴ ያልነገርኩት ሰው አልነበረም። ሁለት ሴቶች እኛም ልንገዛ ነው፣ አንቺው ምረጪልን ብለው ለመኑኝ። ልጄ ውሻውን ቡቺ ብሎት ከጠዋት እስከ ማታ አቅፎት ይውላል።

ሳምንት ሳይሞላ ቅባቱ ለቀቀ። የልጁ ዓይን ቀልቶ አበጠ፣ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ማለት ጀመረ። ሰው የሌለበት ሰዓት ጠብቄ ቡቺን በዚያው ከፋይ አሸሁት። ከፋዩ የበግ ለምድ መሰለ! ጠቅልዬ አልጋ ስር ከተትኩት።

ልብ በሉ፣ ያን ቀን አውቄያለሁ። አላወቅሁም ነበር ብላችሁ እንዳታዝኑልኝ።

ግን እኔ ተታለልኩ ብዬ ለማን ልንገር? መርካቶ እኮ ነው! አንዴ ከተሳቀብሽ፣ ጨርቅ ስትለኪም ይሳቅብሻል። ስለዚህ ሌላ ጥፋተኛ ፈለግሁ፤ እሱም ሩቅ አልነበረም።

ፊት ለፊታችን እትዬ ከድጃ ይኖራሉ። የወሎ ሰው ናቸው፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ በርበሬ ወቅጠው እየሸጡ ፋጡማ የምትባል ልጃቸውን የሚያሳድጉ። በርበሬ ሲወቀጥ ደግሞ ግቢው ሁሉ ያስነጥሳል። ከዚህ የተሻለ ማሳበቢያ ከየት ይመጣል?

በቀበሌው የሴቶች ማህበር ስብሰባ፣ መጨረሻ ላይ «ልዩ ልዩ» የሚባል አጀንዳ አለ። እጄን አወጣሁ። «ጓዶች፣ የግለሰብ ጥቅም ከሕፃን ጤና ይበልጣል ወይ?» አልኩ። ጓዶች! አፌን በቆረጠው! ተጨበጨበልኝ።

እትዬ ከድጃ ተነሡ። ይከራከራሉ ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር።

«ልጁን እኔም እወደዋለሁ» አሉ። «በርበሬው ከሆነ ይቅር።»

ተቀመጡ። ግቢ ውስጥ መውቀጥ ተከለከለ ተብሎ ቃለ ጉባኤ ተያዘ። ከዚያ በኋላ ጉልበታቸውን እያመማቸው ያን ከረጢት ተሸክመው ከጭድ ተራ ማዶ፣ የሰው ጓሮ ተከራይተው ነው የሚወቅጡት። ጠዋት ሲወጡ አያለሁ። ሲመለሱም አያለሁ። እንደምን ዋልሽ ይሉኛል።

ግቢያችን ውስጥ በርበሬ ጠፋ። ልጄ ግን እንደ ድሮው ያስነጥሳል።

አልጨረስኩም። የሚብሰው ገና ነው።

አጎቴ ሞቶ ወልቂጤ ለቅሶ መሄድ ነበረብኝ። የሰለሞን አባት ሾፌር ነው፣ አሰብ መስመር ላይ ነው። ልጁን የት ላድርገው ስል እትዬ ከድጃ መጡና እኔ ጋ ይሁን፣ ሂጂ እርምሽን አውጪ አሉኝ። ያን ሁሉ አድርጌያቸው!

አምስት ቀን ቆየሁ። የሙስሊም ሥጋ ብሰጠው ይከፋት ይሆናል ብለው ተጨንቀው ሽሮና እንቁላል ብቻ ነው ያበሉት። ስመለስ የልጁ ዓይን ጠርቷል፣ ደረቱ ዝም ብሏል። ውሻው እሳቸው ቤት አይገባም። ቤታቸው ደግሞ ያልተወቀጠ በርበሬ እስከ ጣሪያ የተከመረበት ነው!

ልጁን እጁን ይዘው አስረከቡኝና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«ልጅሽ እኔ ቤት አንድ ቀን አላስነጠሰም። በርበሬው አጠገብ ነው የተኛው» አሉኝ።

ፊት ፊቴን ያያሉ። እየጠበቁኝ እንደሆነ ገብቶኛል።

እኔ ምን ብዬ ብመልስ ጥሩ ነው?

«አየሩ ተሻሽሎ ይሆናል።»

እውነቴን ነው። አየሩ አልኳቸው።

ቡቺን ሲኒማ ራስ አካባቢ ለነበረ ዘበኛ ሰጠሁትና ለሰው ሌባ ወሰደው አልኩ። ሌባ የወሰደው የሌባ ውሻ! ልጄ ሳምንት አለቀሰ። ከዚያ ዳነ። ሰው ውሻው ሲሄድ ነው የዳነው እንዳይል ደግሞ በርበሬ ከምግቡ ስላወጣሁለት ነው ማለት ጀመርኩ፤ ያለፈውን ውሸት ለማቆም አዲስ መጨመር ግድ ሆነ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ልጄ አልጫ በላ። በሠርጉ ቀን እንኳ አልጫ በላ!

የሚቀጥለው ስብሰባ ላይ ሊቀመንበሯ «ልዩ ልዩ ያለው?» ብላ ጠየቀች። እትዬ ከድጃ ከፊቴ ተቀምጠዋል። ጫማዬን ሳይ ቆየሁና ስብሰባው ተዘጋ። በወሩም እንደዚያው አደረግሁ። እትዬ ከድጃ ደርግ እስኪወድቅ ያን ከረጢት ተሸከሙ።

ዛሬ መኪና ውስጥ ይህን ሁሉ ለሰለሞን ነገርኩት። ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ ነዳ። እንዲቆጣ ፈልጌ ነበር።

«እትዬ ከድጃ ያውቁ ነበር?» አለኝ በመጨረሻ።

«ያውቁ ነበር።»

«ለሰው ተናግረዋል?»

አልተናገሩም። በምን አወቅሽ አትሉኝም? የዛሬ ስንት ዓመት ሲሞቱ ለቅሶ ሄጄ ልጃቸው ፋጡማ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። እናቴ ጎረቤት ሲነሳ ሁሌ አንቺን ነበር የምታመሰግነው አለችኝ። እኔም አብሬያት አለቀስኩ፣ ሰዉም ምን ያህል ቢዋደዱ ነው አለ። ፀጥ ብዬ ተመሰገንኩ።

ቤት ስንገባ ምራቴ ቀይ ወጡን አቀረበች። ሰለሞን ጎረሰ። ከአምስት ዓመቱ ወዲህ የመጀመሪያው ነው። እንባው ወረደ፣ አፍንጫውን ጠረገና ደግሞ ጎረሰ። የልጅ ልጄ በውሻው ፈንታ ዓሣ እንዲገዛላት ተስማምታ እሱን አይታ ትስቃለች። እኔ የቀረበልኝን መብላት አልቻልኩም።

እጁን ሲታጠብ ልጄ አንድ ነገር ብቻ ነው ያለኝ። «እማዬ፣ ለፋጡማ ደውይላት።»

ስልኩ እጄ ላይ ነው፤ ቁጥሯም አለኝ። ሦስት ጊዜ ነካሁት፣ ሦስት ጊዜ ዘጋሁት። ይኸው ለማላውቃችሁ ለዚህ ሁሉ ሰው ዘረገፍኩት፣ ለማውቃት ለአንዲት ሴት ሃሎ ማለት አቃተኝ።

እስቲ እናንተ ንገሩኝ፦ እናትሽ ያመሰገነችኝ በሐሰት ነው ብሎ ለሰው ልጅ እንዴት ይነገራል?