የፎቶግራፍ ትምህርትና የእኔ ፊርማ

እኛ አባቶች ልጃችሁ ምን ይማራል ስንባል መልሳችን አጭር እንዲሆን እንፈልጋለን። «ነርስ»፣ «ኮምፒውተር»፣ «ሕግ» ብሎ ደረትን ነፋ አድርጎ ዝም ማለት ደስ ይላል። ሰርግ ላይም፣ ልቅሶ ላይም፣ አውቶቡስ ስንጠብቅም የምናወራው ይህንኑ ነው። «ፎቶግራፍ» ያላችሁ እንደሆነ ግን ማብራሪያ ትጠየቃላችሁ። እኔ ለአንድ የሥራ ባልደረባዬ ብነግረው ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ «ይሄም ያነሳል እኮ» አለኝ። ምን ይባላል? ያነሳል።

ልጄ ሺራ የተወለደችው እዚሁ እስራኤል፣ ፔታህ ትክቫ ከተማ ነው። ወታደርነቷን ጨርሳ ከተመለሰች ወዲህ ሐሳቧ ሁሉ ካሜራ ሆነ። ቤታችን ኤን ጋኒም ሰፈር ነው፤ ሦስተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የሌለው። በዚያ ቤት ባለቤቴ ፈንታነሽ አንድ ዓመት ሙሉ ታማ ተኝታ ባለፈው የዝናብ ወራት ሞተች። ሆዷ ውስጥ ያደገው ነገር እስከ መጨረሻው በስሙ አልተጠራም፤ እኛ ዘንድ ያን ስም የሚደፍር የለም።

ከልቅሶው በኋላ ልጅቱ ውጭ አገር ሄጄ ዲግሪ እማራለሁ አለች። «እዚህስ ምን ጎደለ?» አልኳት። እሷ በዕብራይስጥ ትናገራለች፣ እኔ በአማርኛ እመልሳለሁ፤ ሃያ ሦስት ዓመት በዚህ ተግባብተናል፣ ወይም የተግባባን መስሎናል።

«አባ፣ እዚህ ካሜራ ከያዝኩ ሁሉም የሚጠብቀው ከኢትዮጵያ የመጡ ነጭ የለበሱ ሽማግሌዎች እንዳነሳ ነው» አለች። «እዚያ ማንም ምንም አይጠብቅብኝም።»

«ያላ፣ በይ ፈልጊ» አልኳት።

ፍለጋው ወር ፈጀ። አንድ የእንግሊዝ ትምህርት ቤት የሚጠይቀውን ክፍያ ስታነብልኝ ሁለታችንም ሳቅን፤ እንዲያ ያለ ዋጋ ሲሰሙ ከመሳቅ በቀር ምን ይደረጋል? ጀርመን መልካም ነበር፤ ትምህርቱ በነጻ ሊባል ይችላል። ግን ቪዛ ከመስጠታቸው በፊት የዓመት ቀለብሽን ባንክ አስቀምጪና አሳዪን ይላሉ። በነጻ ለመማር መጀመሪያ ድሃ አለመሆንን ማስመስከር ነው። በመጨረሻ ቼክ አገር አንድ ትምህርት ቤት ተገኘ። በአገሩ ቋንቋ ለሚማር ክፍያ የለም፤ ለቪዛው የሚታየውም ገንዘብ ከወታደርነት ስትወጣ በሰጧት ይሸፈናል። እኔ ኡልፓን፣ የስደተኞች ቋንቋ ትምህርት ቤት ገብቼ፣ በዚያ ዕድሜዬ የልጅ ወንበር ላይ ተኮራምቼ ዕብራይስጥ የተማርኩት ልጄ በቋንቋ እንዳትቸገር ነበር። እሷ ደግሞ ደስ ብሏት ሌላውን ከሀሁ ልትጀምር ነው። በሰደር፣ እሺ አልኩ።

ትምህርት ቤቱ ተማሪ የሚመርጠው በፎቶ ነው። አሥራ አራት ፎቶ ላኪ ተባለች። ምን እንደምትልክ አልጠየቅኳትም። አንድ ዓርብ ጠዋት ግን ወረቀት ይዛ መጣች።

«አባ፣ እዚህ ላይ ፈርምልኝ። ፎቶው ውስጥ ያለው ሰው መፍቀዱን የሚያረጋግጥ ነው።»

«ሰውየው ራሱ አይፈርምም?»

 በአማርኛ፣ ቃሉን እንደ ባዕድ ልጅ እየለቀመች፣ «እማዬ ናት» አለችኝ።

ለካ ያን ዓመት ሙሉ እናቷን ስታነሳት ኖራለች። ደሜ ፈላ። ጠያቂ ሲመጣ ሻሿን ሳታስር በር የማታስከፍት ሴት፣ ፀጉሯ ረግፎ፣ ገላዋ አልቆ፣ ፈረንጅ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግታ ነጥብ ሊሰጣት!

«አልፈርምም። ሌላ ነገር አንሺ። ባሕር አንሺ።»

«እማዬ እኮ ፈቅዳልኛለች።»

«እንግዲያው ትምጣና እሷው ትፈርም!»

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ።

ሺራ ኮምፒውተሯን ጠረጴዛው ላይ እንደተከፈተ ትታ ለሰንበት ዳቦ ልትገዛ ወጣች። በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው። ብታላትመው ይሻለኝ ነበር።

አየሁ። የመጀመሪያው እጇ ብቻ ነው፤ ብርድ ልብሱ ላይ አርፎ፣ መርፌ የወጋው ቦታ ጠቁሮ። በሌላው መስኮት አጠገብ ተቀምጣ የጎረቤት ልብስ ሲደርቅ ታያለች። በአንዱ ግን ሻሽ የለም። ራሷ የሕፃን ራስ መስሎ፣ አፏን ከፍታ ትስቃለች። እንዲያ ስትስቅ መጨረሻ ያየኋት መቼ ይሆን ብዬ ባስብ ሊመጣልኝ አልቻለም። አሥራ አራቱንም ደግሜ አየኋቸው። ሁለተኛውን ዙር የምፈልገው ራሴን ነበር። ጎረቤታችን ሾርባ ይዛ አለች፤ ከጤና መድኑ፣ ከኩፓት ሆሊም የምትመጣው ነርስ ጀርባዋ ይታያል። እኔ የለሁም።

ለማንም ያልነገርኩትን ለእናንተ ልንገራችሁ። ያን ዓመት ፕላስቲክ ፋብሪካው ውስጥ በቀን ሁለት ፈረቃ እሠራ ነበር። «ለሕክምናዋ ብዬ ነው» እላለሁ፤ ሰውም «ባል ማለት እንዲህ ነው!» ይለኛል። ሕክምናውን የሚከፍለው ኩፓት ሆሊም ነበር። እኔ ፊቷን ማየት ፈርቼ ነው። ማሽን አይከሳም፣ አያቃስትም።

ሺራ ስትመለስ እስክሪብቶ ይዤ አገኘችኝ። ስሜን ጻፍኩ፣ ቀጥሎም «ባል» ብዬ ጻፍኩ፣ ፈረምኩ። ከታች አንድ ጥያቄ ቀርቷል፤ እሷ ተረጎመችልኝ፤ «ፎቶዎቹ ሲነሱ እርስዎ በቦታው ነበሩ?» ይላል። ሁለት ሳጥን አለው። «አልነበርኩም» የሚለው ላይ ምልክት አደረግኩ።   ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

ከሦስት ሳምንት በኋላ መምህራኑ በኮምፒውተር አነጋገሯት። ለቃለ መጠይቁ እንግሊዝኛ ይበቃል ብለዋታል። እኔ ወጥ ቤት ሽንኩርት እልጣለሁ፤ በሩ ክፍት ነው። አንዲት የዕድሜ ባለጸጋ ድምፅ፣ ወረቀቱን እያየች ይመስለኛል፣ «አባትሽ በቦታው እንዳልነበሩ ጽፈዋል። የት ነበሩ?» አለቻት። ያቺን ያህል እንግሊዝኛ አውቃለሁ። ቢላዋው እጄ ላይ ቆመ። ሺራ ወደ ወጥ ቤቱ ዞር ስትል ወንበሯ ሲንቋቋ ሰማሁ።

«ሥራ ላይ ነበር» አለች።

ተቀበሏት። መስከረም ላይ ሄደች፤ አሁን ቼክኛ እየተማረች ነው። እኔ ያንን መልሷን እስካሁን አስበዋለሁ። ዓመት ሙሉ ለሰው ሁሉ ስናገረው የኖርኩት ያንኑ ቃል ነው። በእንግሊዝኛ ሲባል ደግሞ እውነት ይመስላል።