እግረኛ ወይስ የመንገድ ተጠቃሚ

ቃል ሲያማርጥ ሥራው የሚያመልጠው ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ውስጥ አንድ ሙሉ ኮሚቴ ገጥሞኛል። የካውንቲው፣ ማለትም የአካባቢው አስተዳደር፣ የመንገድ ደኅንነት ስትራቴጂ ሲረቀቅ፣ ለጎረቤቴ ለወይዘሮ አልማዝ ላስተረጉምላቸው ስብሰባው ገባሁ። ባላቸውን አቶ ተሰማን አውቶቡስ ሊይዙ ሲሻገሩ መኪና ገድሏቸዋል። የመጡት መሻገሪያው ላይ የትራፊክ መብራት ይተከል ሊሉ ነው።

ተናገሩ። ሊቀመንበሩ በትሕትና አመስግነው ወደ ረቂቁ ተመለሱ። ከዚያ ክርክሩ ጦፈ፤ ጦር ሜዳም እንዲህ አይፋለሙም።

«ምን እያሉ ነው ልጄ?»

«‹እግረኛ› እንበል ወይስ ‹የመንገድ ተጠቃሚ› ነው ጭቅጭቁ።»

«መብራቱስ?»

«ይጠናል ብለዋል።»

ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ። ባላቸው የወደቁበት መሻገሪያ ስንደርስ ክንዴን ያዙ። መኪናው ጋብ እስኪል ብዙ ቆምን።

«ተሰማ ችኩል አልነበረም» አሉኝ፤ «ልክ እንዲህ ነበር የሚጠብቀው።»